የታኘከው ኮሌታ

የሙዚየሙ ኃላፊ እኔን የሰማችኝ ስልኳ እስኪጮኽ ድረስ ብቻ ነው። አርባ አራት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ነገር ገና ከአፌ ሳላወጣው ስልኩ ጮኸ፤ እሷም አንድ ጣቷን ቀስራ ዝም አሰኘችኝ፣ እንደሚረብሽ ሕፃን። አውርታ ስትጨርስ የት እንደደረስኩ አልጠየቀችኝም። «እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ ወይስ ሰው ያንብብልዎ?» አለችና አንድ ቅጽ ወደ እኔ ገፋች።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ አልዋሽም። ፊደል የለየሁት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ከሳሙና መጠቅለያና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። ግን ለይቻለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋውን የድሮ መዝገብ ቅጂ ወደ ራሴ አዙሬ፣ ከወንድሜ ስም ትይዩ ያለችውን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። አራት ፊደል ናት። ተለቀቀ።

«ይቺ ቃል፣ ልጄ» አልኳት፣ «ውሸታም ናት።»

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ያ ግቢ ዛሬ ሙዚየም ይባላል፤ ያኔ እስር ቤት ነበር። ሰው በሠራው ሳይሆን በአያት በቅድመ አያቱ እየተቆጠረ፣ «ዘሩ ከእነዚያ ነው» እየተባለ፣ ከየቤቱ ተለቅሞ የሚታጎርበት። ከገቡት ብዙዎቹ አልወጡም። አሁን ግቢው መሐል ረጅም የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል፤ ያለቁት ሰዎች ስም አንድ በአንድ ተቀርጾበታል። የታናሽ ወንድሜ ስም የለበትም። መዝገቡ «ተለቀቀ» ይላል፣ የተለቀቀ ሰው ደግሞ አልሞተም፤ ስለዚህ የለበትም። ስሙን እኔም እዚህ አልጽፈውም፤ መጻፊያ ቦታው ሌላ ነው። አናጢ ነበር። መጋዙንም መዶሻውንም በግራ እጁ ስለሚይዝ ሰፈሩ «ግራኙ» ይለው ነበር፤ እናንተም እንደዚያው በሉት።

ሰፈሩማ ከመዝገቡ ቀድሞ ፈርዶበታል። ድንበር ተሻግሮ፣ ባለጸጋ አግብቶ፣ እናቱን ረስቶ ቀረ እያሉ አርባ ዓመት አኝከውታል። የጎረቤታችን ባል እንዲያውም አንድ ወደብ ላይ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ ወፍሯል ብሎ ምሏል። ወፍሯል አለ። አፈር የበላው ሰው ይወፍራል እንዴ?

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የሆቴል አንሶላ፣ የሐኪም ጋውን፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ በእጄ ያላለፈ የለም። ያኔም አጣቢ ነበርኩ። እስር ቤቱ በየሳምንቱ ዓርብ በአንዲት ጠባብ መስኮት ንጹሕ ልብስና ዳቦ ይቀበላል፤ በዚያችው መስኮት የቆሸሸውን ልብስ ይመልሳል። መተያየት የለም፣ ደብዳቤ የለም። የቆሸሸ ልብስ ከመጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ሴቶች የባላቸውን እድፍ እያሸተቱ በደስታ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ፊደል የቆጠሩት ልብሱ ላይ ስም በቀለም ይጽፉ ነበር፤ ቀለሙ በሁለተኛው እጥበት ይለቃል፣ ልብሱም የማንም ይሆናል። እኔ መጻፍ ስለማልችል ቅምቅማቱ ላይ ሰማያዊ ክር ሦስት ጊዜ ቋጥሬ እሰድ ነበር። የእኔ አንድም ቀን አልጠፋም።

ሰው ፊደል ያነባል፣ እኔ ልብስ አነባለሁ። የግራኝ ሰው ሸሚዝ ቶሎ የሚያልቀው በግራ ክርኑና በግራ እጅጌው ጫፍ ነው። ወንድሜ በታሰረ በአራተኛው ወር የመጣው ሸሚዝ ግን ግራው ደህና ሆኖ ቀኙ ነው ቆሽሾ የመጣው። ግራ እጁን አሞት ይሆናል አልኩ። በሳምንቱም ቀኙ። በሚቀጥለውም ቀኙ። ላቡም የእሱ ላብ አልነበረም፤ ያንን ልጅ ከሽንት ጨርቁ ጀምሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አያስተምረኝም። ሌላም ነገር ነበር። የኮሌታው የቀኝ ጫፍ ታኝኮ፣ ጥጃ እንደጠባው ጨርቅ ልሞ ይመጣል። ወንድሜ ኮሌታ አያኝክም። ይህ አምስት ወር ቀጠለ። ከዚያ አንድ ዓርብ መስኮቷ ሳትከፈት ቀረች፤ ከእንግዲህ አትምጡ ተባልን።

ለሴትዮዋ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያም የመዝገቡን ቀን እያሳየሁ ጠየቅኳት፦ «በአራተኛው ወር ከተለቀቀ፣ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ልብሱን ሲያቆሽሽልኝ የነበረው ማነው?»

ጊዜው ረጅም ነው፣ ትውስታ ይደባለቃል አለችኝ፣ ለስላሳ ድምፅ አውጥታ። ሰነድ ያስፈልጋል፤ ካልሆነም እዚያው ክፍል ውስጥ አብሮ የነበረ የዓይን ምስክር። መጨረሻ የመጣውን ሸሚዝ ከፌስታሌ አውጥቼ ፊቷ ዘረጋሁት። በእርሳስ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ እንደሞተች አይጥ። «በጣም ያሳዝናል» አለች። እኔ እንዲታዘንልኝ አልሄድኩም።

ልወጣ ስል ነው ዋናውን የተናገረችው። ወንድሜ በመዝገቡ የሰባት ቁጥር ክፍል እስረኛ ነበር። ሙዚየሙን ለጎብኚ የሚያሳየው ሰውዬ ደግሞ ራሱ ከሰባት ቁጥር በሕይወት የወጣ ነው። «ጠይቀነዋል፣ እማማ። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላስታውስም ብሏል።»

ጆሮዬ ቆመ።

አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እግር ለእግር ተጠላልፎ የተኛን ሰው፣ ያውም ነገሩ ሁሉ በግራ የሆነን አናጢ፣ እንዴት ነው ሰው የሚረሳው? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይላሉ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከነጭ አንሶላ ላይ እድፍ ስፈልግ የኖርኩ ሴት ነኝ። በማግስቱ ትኬት ቆርጬ ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰለፍኩ።

አስጎብኚው ቀጠን ያለ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። ሲናገር ድምፁን አይጨምርም፤ ሰው ወደ እሱ ይጠጋል። ሰባት ቁጥር ስንገባ እኔ ክፍሉን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው፤ ክፍሉማ ክፍል ነው። ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ግድግዳው እስከ ትከሻ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ እጅ የማይደርስበት፣ ጥግ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ፣ በአንድ በኩል ለመኝታ የተሠራ የሲሚንቶ መደብ። ሰውየው መደቡን በእጁ እየዳሰሰ «እዚህ ውስጥ አሥራ ሁለት ነበርን» አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ይዘረዝራቸው ጀመር። ሌሊት ሒሳብ የሚያስተምረው መምህር፣ በሕልሙ መሪ የሚያዞረው ሾፌር፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሳል ያስቸገረው ሽማግሌ። እንዲህ እያለ እስከ ራሱ።

በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በማግስቱም መጣሁ። አሥራ ሁለት ነበርን አለ፤ አሥራ አንድ ቆጠረ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ትኬት ቆራጩ ሳቀብኝ፦ «እማማ፣ እዚህ ክፍል ሊከራዩ ነው እንዴ?» «ኪራዩን ወንድሜ ከፍሎ ጨርሷል» አልኩት። ሳቁን ዋጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ትኬት ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰውየው ወታደር ነበር ብዬ ጠረጠርኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል። የበር ጠባቂ የነበረ ሰው የእስረኛ ታሪክ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ሕዝብ ሲያስለቅስ ይኖራል፣ ማን ያውቅበታል? ሲራመድ እያየሁ የወታደር እርምጃ ፈለግኩበት፤ አላገኘሁም። ለጎብኚ የሚያሳየውን የእስረኛ ሰንሰለት ሲያነሳ እጁን አየሁ፤ የለመደ እጅ አልነበረም። አሥራ ሁለተኛውን ሰው ግን አሁንም አይጠራውም። ስለ ርሀብ ያወራል፣ ስለ ድብደባ ያወራል፣ ስለ ልብስና ስለዚያች መስኮት ትንፍሽ አይልም።

በአራተኛው ቀን አንዲት ጎብኚ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ጠየቀችው። ምን ትለብሱ ነበር አለችው፤ ቀላል ጥያቄ። ሰውየው ቀኝ እጁን አነሣ፣ የሸሚዙን ኮሌታ የቀኝ ጫፍ ያዘ፣ ወደ አፉ ወሰደና በፊት ጥርሱ ነከሰው። ነክሶ ቆየ። ከዚያ ደንገጥ ብሎ ለቀቀውና «ያለንን» አለ፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰዳቸው።

እኔ አልተከተልኩም። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ጥርስ አውቀዋለሁ። አምስት ወር በሳሙና አሽቼዋለሁ።

በሚቀጥለው ቀን ከፌስታሌ ጋር መጣሁ። የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ወጥተው ኮሪደሩ ጸጥ እስኪል ሰባት ቁጥር ውስጥ ጠበቅኩት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከላይኛው መስኮት የሚገባው ብርሃን መደቡ ላይ ወድቋል። በሩ ላይ ሲደርስ አየኝና እንደለመደው በትሕትና «ጉብኝቱ አልቋል፣ እማማ፤ ልንዘጋ ነው» አለኝ። ሸሚዙን አውጥቼ ብርሃኑ ላይ ዘረጋሁት።

አሁን አስተውሉ። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያየው ኮሌታውን ነው፤ የተበላው እሱ ነዋ። ይሄ ሰውዬ ኮሌታውን አላየም። ጎንበስ አለና የሸሚዙን ጫፍ ገልብጦ ቅምቅማቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ሦስቱን ቋጠሮ እስኪያገኝ።

«ይህን ክር ማን አሳየህ?» አልኩት።

መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቋጠሮውን ከጣቱ አልለቀቀም። ዓይኔ ጫማው ላይ አረፈ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያን ቀን አልተወለወለም፣ አቧራ ለብሶ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፣ «እማማ» ማለቱን ትቶ።

«እትዬ የሚለኝ አንድ ሰው ነበር። አንተ አትበለኝ።»

«ከእሱ ነው የሰማሁት። የእትዬ ክር ነው ይለን ነበር።»

ከዚያ ተናገረ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ጠርተው አወጡት፤ ጫማውን እንዲያደርግ እንኳ አልፈቀዱለትም። በማግስቱ ጠዋት ሬሳውን በኮሪደሩ ሲጎትቱት በበሩ ስንጥቅ አዩት። በባዶ እግሩ ነው የለዩት። ዓርብ ሲደርስ ግን መስኮቷ ላይ ስሙ ተጠራ፤ ንጹሕ ሸሚዝና ዳቦ መጥቶለታል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች በትኩሳት ወድቀዋል፤ የብዙዎቹን ቤተሰቦችም ወስደው ስለጨረሷቸው ለሰባት ቁጥር የሚመጣ ዳቦ የእኔ ብቻ ነበር። መምህሩ ‹ሞቷል ካልን ዳቦው ይቀራል› አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። መስኮቷ ላይ ያለው ወታደር ከዳቦው ግማሹን ለራሱ ስለሚያስቀር እሱም አፉን ዘጋ። የሚቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ቆሽሾ የሚመለስ ልብስ።

«በቁመት የምመስለው እኔ ነበርኩ። ልበሰውና አቆሽሸው አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳልኩት ሁሉንም እዚህ አልጽፍም፤ ለወረቀት አይሆንም። እናቴን ግን ነገርኩት። በየሳምንቱ ዓርብ ያንን ሸሚዝ ሳላጥበው በፊት ከእጄ ነጥቃ፣ ታቅፋው እንደምትተኛ። የልጄ ጠረን ነው እያለች። ዕድሜዋ እስኪያልቅ ድረስ የውጭውን በር አታስቆልፈንም ነበር፤ ልጄ ሲመጣ እንዳያንኳኳ እያለች። «ያንተን ላብ ታቅፋ ነው የሞተችው» አልኩት።

ራሱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ቀና አለ፤ ዓይኑ ውስጥ ያልጠበቅኩት ነገር ነበር።

«አንቺም ታውቂ ነበር» አለኝ።

«ምን?»

«በአራተኛው እጥበት ቀኝ ክርኑን በድርብ ጨርቅ ጣፍሽው። የግራኝ ሰው ቀኝ ክርን ማን ይጥፋል? ሸሚዙ ሲመጣ መምህሩ አይቶ ‹በቃ፣ ሴትዮዋ ነቅታብናለች› አለ። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦው ቀረ ብለን ተቀመጥን። ዓርብ ደረሰ፤ ዳቦው መጣ። ጨምረሽበት ነበር እንጂ አልቀነስሽም። አንቺን ነው የምጠይቀው፣ እትዬ። ለማን ነበር የምትልኪው?»

ይኸው ነው እንግዲህ። አርባ አራት ዓመት ሌላውን ስጠረጥር፣ የሚጠረጥረኝ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ለእናቴ አንድ ቀን ነገርኳት፤ ይሄ የእሱ ላብ አይደለም አልኳት። በጥፊ መታችኝ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ። ሁለተኛ እንዲህ ካልሽ እናትሽ አይደለሁም አለች። ዝም አልኩ። ጎረቤቱ ድንበር ተሻገረ ሲል ዝም አልኩ፤ እናቴ ወሬውን ስትሰማ ዓይኗ ይበራ ነበርና። የሞተ ልጅ ከሚኖራት የካደ ልጅ ይኑራት ብዬ። የወንድሜን ስም ሲያኝኩት እኔም በር ዘግቼ አሳኝኬዋለሁ።

ክርኑን ደግሞ ለምን ጣፍኩት? ይህን ለሰውየው ነገርኩት፣ ለእናንተም ያው ነው። ተቀዶ ነበር፤ ብርድ ገብቶ ነበር። የተቀደደ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፣ ሙያዬ ነው። ማን እንደሚለብሰው አልጠየቅኩም። ሆዴ ግን ያውቅ ነበር፤ የሆነ ሰው በርዶታል፣ የሆነ ሰው እየበላ ነው።

ከዚያ ሰውየው ይቅር በይኝ አለ። ጓደኞቹ ሁሉ አልቀው እሱ ብቻ እንደቀረ፣ ስሙን አላስታውስም ያለው ስለረሳው ሳይሆን ስሙን ከጠራ ዳቦውንም መጥራት ስላለበት እንደሆነ ነገረኝ። ከየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ የሙት ዳቦ የበላ ሰው እንዴት ፊታቸው ይቆማል? ይህን እያለ ደግሞ ኮሌታው ወደ አፉ ሄደ።

ሸሚዙን አጥፌ ፌስታሌ ውስጥ ከተትኩ። ተነሣሁም። እንዲህም አልኩት፦

«ይቅርታህን ሌላ ቀን እናየዋለን፣ ቸኩዬ አልመጣሁም። የተበላ ዳቦ አይመለስም፣ እኔም አልጠየቅኩህም፤ ለሚበላ ሰው ነው የላክሁት። ስሙ ግን ይመለሳል። አሁን ተነሥ። ያቺ ሴትዮ ቢሮዋን ሳትዘጋ አብረን እንገባለን። አንተ ማክሰኞውን ትናገራለህ፣ ባዶ እግሩን ትናገራለህ፣ አምስቱን ወር ትናገራለህ። እኔ ደግሞ ክርኑን እናገራለሁ፣ ዝም ማለቴንም። ስልኳን ታጥፋ በላት፤ እኔን አትሰማም፣ አንተን ትሰማሃለች። ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ለእኔ ትስጠኝ፣ ማንም አያንብብልኝ፣ ራሴ አነበዋለሁ፤ ተለቀቀ የምትል ቃል ካየሁበት አልፈርምም። ነገ ጠዋት ጎብኚ ስታስገባ ደግሞ አሥራ ሁለተኛውን ሰው ትቆጥራለህ፣ ከራስህ በፊት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በጣቴ እቆጥራለሁ። በል፣ ኮሌታህን ከአፍህ አውጣና ቅደም።»